አሚን ያልኩበት ገጽ

እኔ ዌብሳይት እሠራለሁ። ቆቦ ላይ ይህን ስል ሰው ከላይ እስከ ታች ያየኝና «እሱስ ጥሩ ነው፤ ሥራህ ግን ምንድን ነው?» ይለኛል። አልፈርድበትም። ሱቅ የከፈተ ሰው ሱቁ ይታያል፣ ባጃጅ የገዛ ባጃጁ ይታያል። የእኔ ሥራ አስፋልቱ ዳር ካለ ፎቅ ላይ፣ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ስክሪን ላይ ሲያፈጡ መዋል ነው። ሙቀቱ ሲበረታብኝ መስኮት እከፍታለሁ፤ የሚኒባስ ረዳቶቹ «አላማጣ! አላማጣ!» ጆሮዬን ሲያደነቁረኝ መልሼ እዘጋለሁ።

ሥራዬን ጠይቃኝ የማታውቀው አክስቴ ብቻ ናት። እቴቴ ነው የምላት። የእናቴ እህት ናት፤ ወላጆቼ ገጠር ስለነበሩ ለትምህርት ብዬ እሷ ቤት መጣሁ፣ እዚያው ቀረሁ። ያሳደገችኝ እሷ ናት። ለጎረቤት ስታወራ «ልጄ ስልክ ውስጥ ቤት ይሠራል፤ ሰው ሁሉ የሚገባበት» ትላለች። ኮሌጅ ሦስት ዓመት ስማር ከዚህ የተሻለ ትርጉም የሰጠኝ መምህር የለም። «ሰው ሁሉ የሚገባበት» የምትለዋን ነገር ግን ያን ጊዜ በደንብ አልሰማኋትም።

እቴቴ ያለቻት አንዲት ሴት ልጅ ናት። በሦስት ዓመት እበልጣታለሁ፤ እህቴ እንጂ የአክስቴ ልጅ ብያት አላውቅም። ማሽላው ማፍራት ሲጀምር ሁለታችን ማማ ላይ ወጥተን ወፍ እንጠብቅ ነበር። እኔ ወንጭፍ ነበረኝ፣ እሷ ጉሮሮ። ወፉ ከእኔ ድንጋይ ይልቅ የሷን ጩኸት ይፈራ ነበር፤ አንድ ጊዜ ስትጮህ ከማሳው ጫፍ እስከ ጫፍ ብር ይላል። ጥንቅሽ ስናገኝ በጥርሷ ትልጠውና ከሁለት ትሰብረዋለች፤ አጭሩን ለኔ፣ ረጅሙን ለራሷ። «ታላቅ አይደለህ? ታላቅ ይታገሣል» ትለኛለች። ያ ድምፅ ዛሬም ማሽላ ባየሁ ቁጥር ይመጣብኛል፤ ማሽላ ደግሞ እዚህ አገር የማይታይበት አቅጣጫ የለም።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት ሄደች። ጠዋት ስንነሳ ፍራሿ ተጣጥፏል፣ ጫማዋ የለም። ከሰፈሩ ልጆች ጋር የዞብልን ተራራ ተሻግራ፣ በአፋር በረሃ በኩል ወደ ባሕሩ እንደወረደች የሰማነው ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ለኔ እንኳ አልነገረችኝም። ይህን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳትም፤ ብትነግረኝ ኖሮ አስቀራት እንደነበር ግን ሁለታችንም እናውቃለን። ከብዙ መከራ በኋላ ሳዑዲ ገብታ ሰው ቤት ተቀጠረች፣ መደወልም ጀመረች። እቴቴ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ታዳምጣታለች፤ ከተዘጋ በኋላም ትንሽ ጆሮዋ ላይ ታቆየዋለች። ከሶላት በኋላ አንድ ዱዓ አልተለያትም፦ «ያ ረቢ፣ የልጄን ዓይን ሳታሳየኝ አትውሰደኝ።»

ስምንት ዓመት አለፈ። በዚህ መሃል የእቴቴን ዓይን ሞራ ጋረደው።

መጀመሪያ ላይ ማናችንም ልብ አላልንም። እሷ ምስር ለቅማ ትሠራለች፣ እኛ ድንጋይ እንቆረጥማለን፤ «የዘንድሮ ምስር ድንጋዩ በዛ» እያለች ነጋዴውን ትራገማለች። አንድ ቀን ደግሞ በር ላይ የሰቀልኩትን ጋቢ «ግባ እንጂ፣ ምን ያስቆምሃል!» አለችው። እኔ ሳቅኩ፣ እሷም ሳቀች፤ ሳቋን ግን ቶሎ ነው ያቆመችው። ሰው ፊት «አይታየኝም» ማለት ለሷ ሞት ነው። መሠረተ ትምህርት ገብታ ፊደል የለየች፣ ለጎረቤት የመጣ ደብዳቤ ታነብ የነበረች ሴት ናት። «ይታይሻል?» ሲሏት መልሷ «ምን ጎደለኝ!» ነው።

በዚያ ዓመት ሁለት ወሬ በአንድ ወር መጣ። አንደኛው፣ እህቴ ወረቀቷ ተስተካክሎላት አሠሪዎቿ የሃያ ቀን ፈቃድ ሰጧት፤ ማሽላው ሲታጨድ ትመጣለች። ሁለተኛው፣ ከዚያ ቀደም ብሎ ሞራ የሚገፍፉ ሐኪሞች ቆቦ መጥተው አንድ ሳምንት ይሠራሉ። እቴቴ ሁለቱን ወሬ አንድ አደረገቻቸው። «ሞራውን ይገፍፉልኛል፣ ከዚያ ልጄን አያታለሁ» አለች። የሚቀራት ተራ መያዝ ብቻ ነበር።

ተራ ማስያዣውን ገጽ የሠራሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

የሐኪሞቹ አስተባባሪ ሰው በር ላይ እንዳይጋፋ፣ ከዋጃና ከሮቢት የሚመጣውም በከንቱ እንዳይመላለስ ፈልጎ ነበር። «በስልክ ይያዝ፤ ስልክ የሌለው በልጁ ወይም በጎረቤቱ ይይዛል» ያልኩት እኔ ነኝ። ገጹን ደግሞ እንዴት አድርጌ አሳመርኩት መሰላችሁ! ፈዘዝ ያለ ግራጫ ፊደል በነጭ ላይ፣ ቀጠን ያለ፣ ፋሽን። ከታች ጎን ለጎን ሁለት ቁልፎች፦ «ላክ» አረንጓዴ፣ «አጥፋ» ቀይ። መጠናቸው እኩል፣ ቅርጻቸው እኩል፤ ጽሑፋቸው ደቃቅ ስለሆነ በቀለም ካልሆነ አይለዩም። ሞራ ቀለምን እንደሚያደበዝዝ አላውቅም ነበር፤ ማንንም አልጠየቅኩም። ዓይን ለታመመ ሰው በዓይን ብቻ የሚገባበት በር ሠራሁ። ጉድ እኮ ነው!

አልሞከርኩትም እንዳልል ሞክሬዋለሁ። ኮሌጅ ያስተማሩን ነገር ነው፦ ገጽህን ለሚጠቀምበት ሰው ስጠው፣ አትርዳው፣ ዝም ብለህ እይ። አምስት የሰፈር አዛውንቶችን ሰብስቤ ስልኩን በተራ ሰጠኋቸው። የወሎ ሰው ግን የልጁን ሥራ ፊት ለፊት አያጣጥልም። አንዱ ስልኩን ገልብጠው ይዘው «ማሻአላህ፣ ያምራል» አሉኝ። ሌላዋ ምንም ሳይነኩ «እጅህን ቁርጥማት አይንካው» ብለው መረቁኝ። አንድ ሽማግሌ ብቻ «ልጄ፣ ይሄ ነገር በርቷል?» ብለው ጠየቁ፤ እሳቸውንም ሌሎቹ «ኧረ ዝም በል፣ ልጁን አታሳዝነው» ብለው አሸማቀቋቸው። እኔም ልቤ በምርቃት አብጦ ሪፖርቱ ላይ «በተጠቃሚዎች ተሞክሯል፤ ተወዷል» ብዬ ጻፍኩ። ምርቃትን እንደ ምስክርነት የቆጠረ ዌብሳይት ሠሪ ከኔ በፊት ይኑር አይኑር አላውቅም።

ምዝገባው በተከፈተበት ጠዋት እቴቴ ሻሿን አሳምራ አስራ መደቡ ላይ ተቀመጠች። ስሟን፣ ዕድሜዋን፣ ቀበሌዋን በኔ ስልክ ጻፍኩላት። የመጨረሻዋን ልጫን ስል እጄን መታችኝ።

«ስጠኝ! የልጄን ሥራ እኔው ነኝ የምጫናት።»

«ይታይሻል እቴቴ?»

«ምን ያህል ብትንቀኝ ነው! አረንጓዴዋ አይደለች?»

«እሷ ናት።»

ስልኩን እስከ አፍንጫዋ አስጠግታ ቆየች። አውራ ጣቷን አሳረፈች። «ሄደ!» አለችና ስልኩን መደቡ ላይ አስቀምጣ ሁለት መዳፏን ዘረጋች።

ዱዓ ከተጀመረ ስልክ ማየት ብሎ ነገር የለም። እኔም መዳፌን ዘርግቼ አቀረቀርኩ። «አላህ እጅህን ይባርከው» አለች፤ አሚን። «የነካኸው ይሙላ፤ የሠራኸው ለሰው ይትረፍ» አሚን። «እንደኔ የጨለመበት ሁሉ በእጅህ ይብራለት» አሚን። «ያቺን ልጄን በሰላም ያግባልኝ፤ ዓይኗን ያሳየኝ።» አሚን አልኩ፤ ይቺኛዋን ከአንጀቴ ነው ያልኳት፣ እኔም ናፍቃኝ ነበርና። ዱዓው ሲያልቅ ሁለታችንም ፊታችንን በመዳፋችን ዳበስን። ቀና ስል የስልኩ መብራት ጠፍቷል። ኪሴ ከትቼው ወደ ሥራዬ ሄድኩ።

«የተራ ቁጥርሽ በመልእክት ይመጣልሻል» ብያት ነበር። አልመጣም። «ኔትወርክ ነው» አልኳት። እዚህ አገር ለቀረ ነገር ሁሉ ጥፋተኛው ኔትወርክ ነው። የተመዘገበውን ሰው ዝርዝር ማየት የሚችሉት ሐኪሞቹ ብቻ ነበሩ፤ ደውዬ አንዴ ብጠይቃቸው ምን ነበረበት? አልጠየቅኩም። የሠራሁት ገጽ ሰው ያሳስታል ብዬ አልጠረጠርኩም።

ሐኪሞቹ ሥራ በጀመሩበት ጠዋት ግቢው ሞልቷል። እቴቴ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ ክንዴን ይዛ ቆማለች። ስም ሲጠራ ሰው «አቤት» እያለ ይገባል። እሷ በየስሙ ተረከዟን ብድግ ታደርግ ነበር። ዝርዝሩ አለቀ። የነገውንም፣ የከነገወዲያውንም፣ የሳምንቱንም አስነበብኩ፤ የለችም።  «ኧረ ገጹን የሠራሁት እኔ ነኝ! መጀመሪያ የተመዘገበችው እሷ ናት!» ብዬ ጮህኩ። አስተባባሪው ወረቀቱን ሰጠኝ። ከላይ እስከ ታች ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

ከዋጃ የመጡ አንድ ሽማግሌ አጠገባችን ተቀምጠው ነገሩን ሰምተው ነበር። «እኔ እቆያለሁ፤ እሷ ትግባ። ልጇ እየመጣችባት ነው» አሉ። እንዲህ ያለ ሰው አለ! እኔማ ይሉኝታዬን ጥዬ ልቀበላቸው ነበር። እቴቴ ግን «ተራ ተራ ነው። የሰው ዓይን ነጥቄ ልጄን አላይም» አለች። «ተነስ እንሂድ።» ምናልባት የሚቀር ሰው ቢኖር እያልን ሳምንቱን ሙሉ ተመላለስን። አንድም ሰው አልቀረም። ሐኪሞቹ «በዓመቱ እንመለሳለን» ብለው ዕቃቸውን ጭነው ሄዱ።

የዚያን ቀን ከሰዓት ገጹን እንደገና ሞልቼ ስልኩን ሰጠኋት። «እስቲ እቴቴ፣ ያን ቀን እንዳደረግሽው አድርጊ» አልኳት። አሁን አላቀረቀርኩም፤ ከትከሻዋ በላይ ቆሜ አየሁ። አውራ ጣቷ ሳታመነታ ቀይዋ ላይ አረፈች። የጻፍኩት ሁሉ ጠፋ፤ ገጹ ባዶ ሆነ።

«ይኸው ሄደ!» አለች። «ሲሄድ አይደል ነጭ የሚሆነው?»

 ልነግራት አፌን ከፍቼ «ቀደር ነው እቴቴ» የሚል ነገር ወጣኝ። የራሴን ጥፋት ለአላህ አሸክሜ ወጣሁ፤ እስካሁን ያሳፍረኛል።

እህቴ በወሩ መጣች። አውቶቡሱ አስፋልቱ ዳር ሲቆም እኔ ስልኬን ደቅኜ ፎቶ ለማንሳት ተዘጋጅቻለሁ፤ እቴቴ ከፊቴ ናት። ሦስት ሴቶች ተከታትለው ወረዱ፤ ሦስቱም ጥቁር አባያ ለብሰዋል። እቴቴ እጇን ዘርግታ «ልጄ! መጣሽልኝ! ልጄ!» እያለች ሄዳ የፊተኛዋን አቀፈች። ያቺ የሰው ልጅ ምን ታድርግ፤ እሷም እናት ናፍቋት ይሆናል፣ አጥብቃ አቀፈቻት። እህቴ ሁለት እርምጃ ከኋላ ሻንጣዋን ይዛ ቆማ ታይ ነበር። ጣቴ ሳላስበው ፎቶውን አነሳ።

«እማ፣ እኔ እዚህ ነኝ» አለች እህቴ።

እቴቴ ደነገጠች፣ ከዚያ ሳቀች፤ «አባያችሁ ነው ያሳሳተኝ!» አለችና ልጇን ስባ ፊቷን በሁለት እጇ ዳሰሰች። ግንባሯን፣ ቅንድቧን፣ አገጯን። ጉንጯ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ።

«ምነው ረጠበች?»

«በሳቅ ነው እቴቴ» አልኩ እኔ ቶሎ ብዬ። «ስትስቅ ነው እንባዋ የመጣው።» አጠገባችን የቆሙትም ሁሉ «በሳቅ ነው፣ በሳቅ ነው» አሉ። እህቴም እሺ ብላ ሳቀች።

ሃያ ቀን ምን አላት! እህቴ ወፍራለች፣ ድምፅዋ ቀንሷል፤ ሌሊት ሳይነጋ ተነስታ ቤት ትጠርጋለች፣ ተኚ ቢሏት እንቅልፍ አይወስዳትም። ጥንቅሽ ገዝቼ አመጣሁላት፤ በቢላ ላጠችው። በጥርስሽ ላጪው እንጂ ብላት ጥርሷን እንደሚያማት ነገረችኝ። ከሁለት ከፈለችና ረጅሙን ለኔ ሰጠችኝ። አጭሩን እንድትሰጠኝ ምን ያህል እንደፈለግሁ ልነግራት አፈርኩ። እቴቴ ጠዋት ጠዋት አጠገቧ እየተቀመጠች ፊቷን ትዳስሳለች፤ «ዛሬ ደግሞ ከሳሽ» ትላታለች፣ «ዛሬ ተኝተሻል» ትላታለች።

በአሥረኛው ቀን ገደማ እህቴ ቢሮዬ መጣችና «እማ ተራዋ እንዴት አመለጣት?» አለችኝ። ለሷ መዋሸት አልቻልኩም፤ ገጹን ከፍቼ ሁለቱን ቁልፎች አሳየኋት። አየች፣ አየች፣ ከዚያ ያቺ የማማው ጉሮሮ መጣች።

«ይሄ ነው ስትማር የኖርከው? እኔ እዚያ ቤት የማጥብበት ማሽን ጽሑፉ ዓረብኛ ነው፤ አንድ ፊደል አላነብም። ግን ማስነሻው አንድ ነው፣ ትልቅ ነው፣ ለብቻው ነው። ሲጨርስ ይጮኻል። ሌላ ክፍል ሆኜ እንኳ መጨረሱን አውቃለሁ። ያንተዋ ስትጨርስ ለምን አትጮህም? እናቴ በምን ትወቅ?»

 «ለእማ ንገራት» አለችኝ። እሺ አልኳት። ከዚያ መስኮቱን ዘጋሁና ስልኬን አፏ ላይ ደቀንኩ። «በይ እንግዲህ፣ አንቺው ጩሂላት» አልኳት። መጀመሪያ እንቢ አለች፣ ድምፄ ተበላሽቷል አለች። ረዳቶቹ ከታች እየጮሁ አራት ጊዜ አቋረጡን። በአምስተኛው ተሳካ፦ «ተራዎ ተይዟል። አብሽሩ።» ለሌላውም አንድ ቀዳን፦ «ገና አልተላከም። እንደገና ይሞክሩ።»

በሃያኛው ቀን ሄደች። ውሏ ገና ሁለት ዓመት ይቀረዋል። አውቶቡሱ ሲነሳ እቴቴ እጇን የምታውለበልበው ወደ ሌላ መስኮት ነበር፤ ትከሻዋን ይዤ ወደ ትክክለኛው አዞርኳት። ከአስፋልቱ ስንመለስ «በእጄ አይቻታለሁ፤ አልሐምዱሊላህ» አለች።  አውቶቡሱ ሮቢት እንኳ ሳይደርስ ቤቱ ባዶ ሆኖብኝ ነበር።

ያን ዓመት ገጹን ከመሠረቱ አፍርሼ ሠራሁት። ፊደሉን ጥቁርና ወፍራም አደረግኩ፤ በአንድ ገጽ አንድ ጥያቄ ብቻ። «አጥፋ» የሚለውን ጭራሽ አነሳሁት፤ የተሳሳተ ሰው ወደኋላ ይመለሳል እንጂ ምን ያጠፋል? «ላክ» የስክሪኑን ታች ሙሉ ያዘች። ሲላክ ስልኩ ይነዝራል፣ የእህቴ ድምፅ ይናገራል። አዛውንቶቹን እንደገና ሰብስቤ አሁን «ያምራል ወይ?» ብዬ አልጠየቅኩም፤ «የት ላይ ነው የሚያስቸግረው? ያላስቸገረው ሰው ቤቱ አይሄድም!» አልኳቸው። ሳቁ፣ ከዚያ መናገር ጀመሩ። አፋቸው ሲፈታ ደግሞ ማን ይቻላቸዋል! «ይቺ ልጅ ቀስ ብላ ታውራ» አሉ፤ «ስልኩን ጆሮዬ ላይ ካደረግሁት አይታየኝም፣ ካየሁት አይሰማኝም፤ ድምፁን ከፍ አድርገው» አሉ። ሁሉንም ጻፍኩ።

ሐኪሞቹ በቃላቸው ተመለሱ። ለእቴቴ እህቴ ያመጣችላት ስልክ ነበራት፤ ገጹን በዚያ ከፈትኩላት። ከመጫኗ በፊት እጇን ያዝኳት።

«እቴቴ፣ አምና ተራሽ ያመለጠው በኔ ጥፋት ነው። የተጫንሽው የሚያጠፋውን ነው። እንዲያሳስትሽ አድርጌ የሠራሁት እኔ ነኝ። ቀደር ነው ብዬ ዋሸሁሽ።»

 «እኔስ? ምንም አይታየኝም ነበር፤ ጭጋግ ብቻ። ይታየኛል አልኩህ። እንግዲህ ሁለታችንም ዋሽተናል፣ አላህ ይማረን» አለች። «ከእንግዲህ በኔና ባንተ መሃል ውሸት የለም።»

«የለም» አልኳት።

ተጫነች። ስልኩ እጇ ላይ ነዘረና «ተራዎ ተይዟል። አብሽሩ» አለ። እቴቴ ስልኩን አነሳችና ጆሮዋ ላይ አደረገችው። ዱዓ ልትጀምር መዳፏን ዘርግታ ነበር፤ «ቆይ እቴቴ፣ መጀመሪያ ልየው» ብዬ ስክሪኑን አየሁ። ተይዟል። ከዚያ አሚን አልኩ፣ ፊቴን ዳበስኩ፣ ስልኩን ለሷ ትቼ ወደ ሥራዬ ሄድኩ።

በማግስቱ አስተባባሪው ደወለልኝ። «ወንድሜ፣ አንዲት እናት አሥራ አንድ ጊዜ ተመዝግበዋል። ሰው ያለው ሁለት ዓይን አይደለም እንዴ?» አለኝ። ቤት ሄጄ ብጠይቃት ምንም አላፈረችም። «አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምትናገረው» አለችኝ። «እንደገና ካልሞላሁት አትናገርልኝም። ልጄ አብሽሩ ስትለኝ ምን ላድርግ?» እያንዳንዱን ጥያቄ በዳበሳ እየሞላች፣ የልጇን ድምፅ ለመስማት አሥር የሰው ተራ ይዛለች። አሥሩን አስሰረዝኩ፤ ድምፁን ለብቻው ስልኳ ላይ ጫንኩላት።

የዓይኗ ሞራ ተገፈፈ። ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ ያየችው እኔን ነው። ዓይኖቿን እያርገበገበች ቆይታ «አንተ! መቼ ነው የሸበትከው?» አለች። ነርሷ ሳቀች፣ እኔ ግን አልቻልኩም፣ አለቀስኩ። ከዚያ በኋላ ማን ይያዛት፤ ዞብልን አየች፣ የጎረቤት በር ቀለም መቀባቱን አየች፣ ምስሩን ለቅማ «ድንጋይ ስታበላችሁ የኖረችው እኔ ነኝ ለካ» አለች። ያላየችው አንድ ነገር ብቻ ነው። አሠሪዎቹ እህቴን በቪዲዮ እንዳትደውል ከልክለዋታል። የላከቻቸው ፎቶዎች ደግሞ ፊት በሚያነጣው የስልክ ማሳመሪያ የተነሱ ናቸው። እቴቴ አየቻቸውና «ይቺማ ዱቄት የተነፋባት ናት። ልጄን አምጡልኝ» አለች። በእነዚያ ሃያ ቀናት ያነሳኋቸውን እየመረጥኩ አሳየኋት፤ ጥንቅሽ ስትበላ፣ በር ላይ ቆማ፣ ስትስቅ። እየደጋገመች አየቻቸው። የአውቶቡሱን ግን አላሳየኋትም።

ባለፈው ሳምንት ምሳ በልተን እጄን ልታጠብ ስወጣ ስልኬን መደቡ ላይ ትቼው ነበር። ስመለስ እቴቴ በጣቷ እየገፋች ፎቶዎቹን ታያለች። ደስ አለኝ፤ ማንም ሳያግዛት ነው የከፈተችው። አጠገቧ ስቀመጥ ግን ጣቷ አይንቀሳቀስም። አውቶቡሱ ነበር። እሷ ከፊት፣ ዓይኗን ጨፍና፣ የማታውቃትን ልጅ አቅፋለች። ከኋላ እህቴ አንድ እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣ ጉንጯ በእንባ ርሶ ቆማለች።

እቴቴ በሁለት ጣቶቿ ፎቶውን አሰፋችው። እሷና ያቺ የሰው ልጅ ከስክሪኑ ወጡ፤ የእህቴ ፊት ብቻ ሞላው። ፊቷን በአውራ ጣቷ ዳሰሰች፤ ግንባሯን፣ ቅንድቧን፣ ጉንጯን። ልክ የዚያን ቀን እንዳደረገችው ጉንጯ ላይ ስትደርስ ቆመች።  ከዚያ ቀና ብላ በእነዚያ በጠሩ ዓይኖቿ አየችኝ።

«በሳቅ ነው ብለኸኝ ነበር» አለችኝ።